መሪ ለያዘ ሰው አይነገርም

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤ ያለ ሰላምታ በር የሌለው ቤት ነው ትዪ ነበር። ትያለሽ ማለቴ ነው። ስለዚህ እንደ ደንቡ ልጠይቅሽ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እንቅልፍ በደንብ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው። የምበላው አላጣሁም፣ የምለብሰው አላጣሁም። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን መስመር ዝለይው።

ስልክ እያለ ወረቀት የማበላሸው አንቺ ስለምትወጂው ነው። ስልክ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ደብዳቤ ግን ትራስ ሥር ያድራል ብለሽኛል። የምታነብልሽ ታናሽ እህቴ ናት። ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ እሷ ታነባለች፣ አንቺ ደግሞ «ቀስ በይ እንጂ፣ ማን አባረረሽ» እያልሽ ታቋርጫታለሽ። ዛሬም ቀስ ብላ ታንብብ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም ባይኖር እንኳ።

ስለ መኪናዋ ልንገርሽ። ፎቶዋን አይተሻል ተብያለሁ። እንዴት እንደመረጥኳት ግን አልነገርኩሽም።

የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ከከተማው ውጭ ነው። የሆስፒታል አንሶላ በጋሪ ተጭኖ ይመጣል፣ እኛ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ አጥፈን እንመልሳለን። እኔ መተኮሻው ማሽን ላይ ነኝ። ባልደረባዬ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ለማሽኑ አፍ እናጎርሰዋለን፤ በወዲያ በኩል ትኩስ ሆኖ ይወጣል። አውቶቡስ እስከዚያ አይደርስም። ከመጨረሻው ማቆሚያ በኋላ በአውራ ጎዳናው ዳር በእግሬ ነበር የምሄደው፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ወደ ቦዩ ይገፋኛል። ስለዚህ መኪና የግድ ሆነ። ለሰው ሁሉ የምናገረው ይህንን ነው። ውሸት አይደለም። ግን ለዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የትኛዋም መኪና ትበቃኝ ነበር።

እዚህ የኛን ቋንቋ የምንናገር ጥቂት ሰዎች አለን። አንዱን ሁላችንም ሾፌሩ እንለዋለን። አሁን ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፣ ግን ወጣትነቱን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል፤ ሲያወራሽ እንኳ ቀኝ እጁ ካምቢዮ እንደያዘ ነው። መኪና ልገዛ ነው ስለው እሱ ካልመረጠልኝ ብሎ ሙጭጭ አለ። ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ሜዳ ይዞኝ ሄደ። እሱ መኪኖቹ ሥር እየተንጋለለ፣ ኮፈን እየከፈተ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተራቸውን ሲያዳምጥ፣ እኔ ምን ሳደርግ የነበርኩ ይመስልሻል? ጋቢና እገባለሁ፣ እወጣለሁ። እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ቀኝ ጉልበቴን በሻርፕ ጠፍሬ አስሬዋለሁ፣ እንደ አንቺ ጉልበት እንዳይታጠፍ። እግሬን እየጎተትኩ በሩን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ወንበሩ ዝቅ ካለ ወገቤን እያስጨነቀኝ እነሳለሁ፣ ወደሚቀጥለው መኪና እሄዳለሁ። ሻጩ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ እየሮጠ በር ይከፍትልኝ ጀመር።

ሾፌሩ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ የምትነጂው እኮ በወዲያኛው በኩል ነው!» አለኝ። «አውቃለሁ፣ እዚህ ለምትቀመጠው ነው የምመርጠው» አልኩት። «ሰው መኪና ሲገዛ ሞተር ያያል፤ አንቺ ወንበር ነው የምትገዢው። ወንበር ከሆነ አሁኑኑ የቤት ዕቃ ሱቅ ልውሰድሽ፣ ጎማም አያስፈልገውም» ብሎ ሳቀብኝ። ማን ናት የምትቀመጠው ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ነገርኩት። እናቴ ልትመጣ ነው አልኩት። ሻርፑን ከጉልበቴ ላይ ራሱ ፈታልኝ።

ገበያ የምንሄድበትን የነጋዴውን የጭነት መኪና ታስታውሻለሽ? ጋቢና የምትቀመጠው የነጋዴው ሚስት ነበረች፣ እሷ ከሌለች ፖሊሱ፣ እሱም ከሌለ የነጋዴው ጎማ። አንቺ ከኋላ ጆንያው ላይ ነሽ፣ እኔና ታናሼ በቀሚስሽ ሥር። አቧራ እያራገፍሽ ስትወርጂ «አንድ ቀን እኔም ጋቢና ሆኜ እናንተን በመስኮት አያችኋለሁ» ትዪን ነበር። እኔ ያኔ ለምን እኛን ከኋላ እንደምታስቀሪን አልገባኝም ነበር። አሁንም አልገባኝም፤ ግን ወንበሩን መርጬልሻለሁ።

ቀለሙን በስልክ ተከራከርን። «ጥቁር እንዳትገዢ፣ ጥቁር ሳይጠሩት ይመጣል» አልሽኝ። ነጭ ልግዛ ስልሽ «ማን ሊያጥበው?» አልሽ። ቀይ ስልሽ «ለሠርግሽ ነው?» አልሽ። የመጨረሻው ወሬያችን ይኸው ነው እንግዲህ፤ የመኪና ቀለም። አመድማ የሆነችውን ገዛሁ። በሯ ሰፊ ነው፣ ወንበሯ ከዳሌሽ እኩል ነው፣ ተንሸራተሽ ትገቢያለሽ እንጂ ዝቅ ማለት መንጠላጠል የለብሽም።

ፎቶዋን ለታናሼ ላክሁላት። ቶሎ አልመለሰችም። ስትመልስ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፤ እማዬ አይታት በጣም ደስ አላት፣ በጣም ታምራለች አለች፣ ይባርክልሽ ብላለች።

ደጋግሜ አነበብኩት። ስድቡ የት አለ?

አንቺ አድንቀሽ አታውቂም። የሰው ዓይን እንዳያገኘው ብለሽ፣ አራስ ልጅ እንኳ ታቅፈሽ «ይኼ እንቁራሪት» እያልሽ ነው የምትስሚው። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ ስልሽ «የዚያ አገር ሰው አለቀ በይኛ» ነው ያልሽው። አመድማዋን መኪና ስታዪ አህያ ትመስላለች ማለት ነበረብሽ። ጭነት ስንት ትችላለች ማለት ነበረብሽ። ታምራለች? ይህ ያንቺ ቃል አይደለም። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ስድብሽን ጠበቅኩ። ምናልባት ታናሼ ረስታው ይሆናል፣ ኋላ ትልክልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የሥራ ሰዓት ደርሶ ባልደረባዬ መስኮቱን አንኳኳችልኝ።

ከዚያ ደወልኩ። ተኝታለች ተባልኩ። ሌላ ቀን ደወልኩ። ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅዋ ጠፍቷል ተባልኩ። ሌላ ቀን ጎረቤት ሄዳለች ተባልኩ። በዚያ ጉልበት? አላልኩም። ከታናሼ ድምፅ ኋላ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ባንድ ላይ ዝም ሲል ሰማሁ። ብዙ ሰው ዝም ሲል ከአንድ ሰው ዝምታ ይለያል፤ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። «በይ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

እማዬ፣ አንቺ ይህን ሥራ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። በሠፈራችን መርዶ የሚነገረው ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት አንቺን ነበር፣ አንደበትሽ ለስላሳ ነው ብለው። ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ ስትወጪ ሠፈሩ በሙሉ በየበሩ ስንጥቅ ያይሻል። አንድ ቀን ጨው ልትበደሪ ሄደሽ ጎረቤታችን በማለዳ በሯ ላይ ስታይሽ «ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። «ኧረ ጨው ነው፣ ጨው ነው የፈለግሁት!» እያልሽ አብረሻት ተንከባለልሽ። ወንድሟ ራሱ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ከዚያ ወዲያ ጨው የምበደረው እኔ ሆንኩ።

ሕጉንም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰው ቆሞ መርዶ አይረዳም፣ ይቀመጥ። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ልጅ ላዘለች አይነገርም፣ እሳት ላይ ላለች አይነገርም፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። መሪ ስለያዘ ሰው ያልሽው ነገር የለም፤ ሠፈራችን ውስጥ መሪ የያዘ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። ሕጉ እስከዚህ ድረስ እንደሚዘልቅ ያወቅሁት እትዬ ስትደውል ነው።

እትዬ እዚህ ላለነው ሴቶች ሁሉ ታላቃችን ናት፣ ልብስ ታሳጥራለች፣ ታሰፋለች። ከሥራ ስመለስ ደወለችና «የት ነሽ የኔ ልጅ፣ ቤት ገባሽ?» አለችኝ። «መኪና እየነዳሁ ነው እትዬ» አልኳት። ከአጠገቧ አንድ ሰው «ምን አለች?» ሲል ሰማሁት። «በይ ረጋ ብለሽ ንጂ፣ ምንም አይደል፣ እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አለችኝ። በማግስቱ የሾፌሩ ሚስት ደወለች። «መኪና ላይ ነኝ» አልኳት። «ውይ፣ እሺ፣ እሺ፣ በይ በኋላ» ብላ እሳት እንደነካት ሰው ዘጋችው።

ያኔ ገባኝ። ሞተሩ እስከበራ ድረስ ማንም ምንም አይለኝም።

እንግዲህ መኪና መያዝ ለኔ እንዲህ ሆነ። ከሥራ ስወጣ ቤቴን አልፌው እሄዳለሁ። ከተማውን የሚዞር መንገድ አለ፣ መውጫውን ካላየሽ ወደ ጀመርሽበት ይመልስሻል፤ በሱ እዞራለሁ። ሲደክመኝ የገበያ አዳራሹ ማቆሚያ ላይ እቆማለሁ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ዳቦዬን እዚያው እበላለሁ። ስልክ ሲጠራ ከማንሳቴ በፊት ፍሬቻውን አበራዋለሁ፣ ቀጭ ቀጭ ሲል በስልኩ እንዲሰማቸው። መንገድ የምታጠፍ መስዬአቸው «በይ በይ ንጂ» ይሉኛል። አንድ ቀን ድንች ገዝቼ ጋቢና አስቀመጥኩት። መኪናዋ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ ይታሰር እያለች ጮኸችብኝ። ድንቹን አውርጄ ከኋላ መወርወር ስችል፣ ቀበቶውን ስቤ አሰርኩለት። ዝም አለች። እኔና ድንቹ ዞረን ዞረን ገባን።

ለአለቃዬም ነግረዋታል መሰለኝ። በሥራ ሰዓት ውሃ እንኳ ጠጥተሽ ነይ የማትል ሴት፣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና «ዛሬ ወደ ቤትሽ ብትሄጂ ቅር አይለኝም» አለችኝ። ዓይኗን አየሁት፤ ታውቃለች። የኔን እናት የማታውቅ ሴት ታውቃለች። አንሶላውን አጥብቄ ይዤ «ደህና ነኝ፣ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል» አልኳት። ባልደረባዬ በወዲያኛው ጫፍ ይዛ ዓይኗን ከእግሯ ላይ አላነሳችም። ቀኑን ሙሉ ነጭ ነገር ስናጎርስ ዋልን።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ሾፌሩ ደወለ። እሱ የመኪና ሰው ነው፣ በመኪናዬ በኩል መጣብኝ። «በራፋችን ላይ ቆማ የነበረችበት ቦታ ዘይት አንጠባጥባለች፣ ነገ በጠዋት ዳቦ ቤቱ ጓሮ አምጪያትና ልያት፣ ዘይት አጥታ ሞተሯ ነክሶ ሳይቆም» አለኝ። አመንኩት? እንጃ። ዘይት ከሆነስ ብዬ ሄድኩ።

ገና ወደ ጓሮው ስታጠፍ አየኋቸው። የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ወንበሮች ተደርድረዋል። እትዬ አለች፣ የሾፌሩ ሚስት አለች፣ ሌሎቹም አሉ፣ ሁሉም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። አንድ ወንበር መካከል ላይ ባዶውን ነበር። መኪናዋን አቆምኩ፣ ሞተሩን አላጠፋሁም። ሾፌሩ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወደ መስኮቴ መጣ። መስታወቱን ጣት የሚያሳልፍ ያህል አወረድኩለት። «አጥፊውና ውረጂ እህቴ» አለኝ። «መጀመሪያ ዘይቱን እይልኝ» አልኩት። «አጥፊው እኮ ነው የምልሽ፣ በበራ ሞተር ዘይት አይታይም።» «አንተ በድምፅ ታውቅ የለ፣ አዳምጣት» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ወደ ፊት ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ። ከኮፈኑ ጀርባ አይታየኝም፣ በጎን የወጡት ክርኖቹ ብቻ ናቸው የሚታዩኝ። ክርኖቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ብዙ ቆየ። ሰዎቹ ከወንበራቸው አልተነሱም፣ እኔም እጄን ከመሪው ላይ አላነሳሁም። በመጨረሻ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ ሁለት እጁን አሳርፎበት ቆመና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ «ደህና ናት። ዘይት የለም። ሂጂ» አለ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ! ለዚህ ነው በብርድ የሰበሰብከን?» ብላ ጮኸች። እትዬ «ተይው፣ ተይው በናትሽ» ስትላት ሰማሁ። ወደ ኋላ አድርጌ ወጣሁ። የእጆቹ የዱቄት አሻራ ኮፈኑ ላይ ነጭ ሆኖ ፊት ፊቴ እየሄደ ሥራ ደረስኩ።

አሸነፍኳቸው ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ብቻ አስቤ ቀኑን ዋልኩ።

ከሥራ ስወጣ ታናሼ ደወለች፣ በምስል። ማቆሚያው ላይ ሆኜ አነሳሁት። ቀይ ልብስ ለብሳለች። የጆሮ ጌጥ አድርጋለች። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናዋለች፣ ግን ከኋላዋ የሚታየው ግድግዳ የኛ ቤት ግድግዳ አይደለም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ባለ ጨውዋ የምንላት ጎረቤታችን ቤት ነው። ሳቀች። «እንዴት ነው የመኪና እመቤት፣ ሰው ገጨሽ ወይስ ገና ነሽ?» አለችኝ፣ አንቺን ለመምሰል። ለካ ስድቡ እንደጎደለኝ ገብቷታል። ለካ ይህን ሁሉ ቀን አስባበት ነው። ስትስቅ የሻሹ ጫፍ ተንሸራተተና ፀጉሯ አለመኖሩን አየሁ። ያን ጀርባዋን የሚሞላ ፀጉር። መልሳ ሳበችው። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ቀዩ ልብስ የተዋሰችው ነው፣ ትከሻው ይሰፋታል። ከማን ቤት ተዋሰችው? እኔ ስደውል ያን ታወልቃለች፣ ይህን ትለብሳለች፣ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ትስቃለች። ስዘጋው እንደገና ታወልቃለች። እኔ መንገድ ለመንገድ ስዞር እሷ ልቅሶዋን በፈረቃ ስታደርገው ከርማለች። አንቺ የተኛሽበት ክፍል ውስጥ የነበረችው እሷ ናት። እጅሽን የያዘችው እሷ ናት። ከዚያም ተነስታ በጣም ታምራለች ብላ የጻፈችልኝ እሷው ናት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለእትዬ ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ቤት ነኝ፣ ሥራ አልገባም። የመኪናዋን ቁልፍ አሁን ለሾፌሩ አደርሳለሁ፣ በእግሬ ነው የምመለሰው» አልኳት። «ቁርስ እንዳትሠሪ፣ እኛ ይዘን እንመጣለን» አለችኝ።

ሾፌሩ ቁልፉን ሲቀበለኝ ዘይቱን እሞላልሻለሁ ብቻ አለኝ።

እንግዲህ አሁን ነግቷል፣ እማዬ። ከጎረቤቴ ወንበር ተውሻለሁ። «ድግስ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ «እንግዶች አሉብኝ» አልኳት። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ወንበሮቹን ሳስገባ አልጋዬን ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ይህን የምጽፍልሽ ከወንበሮቹ በአንዱ ተቀምጬ ነው። ደረጃው ላይ እግር ይሰማኛል። እትዬ በየማረፊያው ትቆማለች፣ ሌሎቹ ይጠብቋታል። ሾፌሩ ያስላል።

ታናሼ እዚህ ስትደርስ ወረቀቱን ታስቀምጠው። ልብስ ከማንም እንዳትዋስ ንገሪያት። ስደውልላት እንዳለች ሆና ታንሳልኝ፣ በራሳችን ቤት ሆና፣ በራሳችን ግድግዳ ሥር። አብረን እንድንሆን ነው። እስካሁን እኮ ብቻዋን ነበረች።

እስከ ዛሬ በደብዳቤ መጨረሻ መርቂኝ እልሽ ነበር። ዛሬ ግን ልጅ ናት ሳትዪ እኔ ልመርቅሽ፤ አሜን የምትልልሽ ታናሼ ናት። እግርሽ እንቅፋት አያግኘው። ዳገት አይግጠምሽ። የምትደርሺበት ቤት በሩ ክፍት ይቆይሽ፣ ደግ ሰው ወጥቶ ይቀበልሽ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።

ታላቋ ልጅሽ